መስከረም ሲጠባ ያልለመለመው መሬት

አዲስ አበባን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከሰማይ ተመልከት ብባል የምመርጠው የመስከረምን መጨረሻ ነው። ደመናው ገና መገፈፉ ነው። ሣሩ አልደረቀም፤ ጤፉ አልታጨደም። እንጦጦም፣ የረርም፣ ወጨጫም አረንጓዴ ለብሰዋል። በዚያ ሰሞን በተነሳ የሳተላይት ምስል ላይ አብዛኛው ነፍስ ያለው አፈር ራሱን ያሳያል። ያልለመለመው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ወይ ጣሪያ ነው፣ ወይ አስፋልት ነው፣ ወይ ኮንክሪት ነው፣ ወይም ለግንባታ የተቆፈረ ቦታ ነው።

ሥራዬ ካርታ ነው። ከሥራ ውጭ ግን ለራሴ ስል የምከታተለው አንድ ነገር አለ፤ የከተማችን ጠርዝ በየዓመቱ የት እንደደረሰ። ስንት ቤት እንደተሠራ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ እንደተነጠፈ በዜና እንሰማለን። መስማታችን ጥሩ ነው። ስንት ሄክታር አፈር እንደተዘጋ የሚናገር ዜና ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ምስሉ በነፃ የሚገኝበት ዘመን ላይ ሆነን ይህን ቁጥር አለመጠየቃችን ያሳስበኛል።

የሚለካው ነገር ውሃ የማያሰርግ ወለል ነው። ዝናብ ሲወርድበት ወደ ውስጥ የማያስገባ ሁሉ እዚህ ይካተታል። አስፋልት፣ የሲሚንቶ ግቢ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ። ኮብልስቶን መሃል ላይ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ጥቂት ውሃ ይሰርጋል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን በደንብ የተጠቀጠቀ ስለሆነ አብዛኛው ይፈሳል።

ታሪኩን ላሳጥረው። ላንድሳት የሚባለው የአሜሪካ የመሬት መቃኛ ሳተላይት የመጀመሪያው የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። (ከሳተላይት ጋር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።) ለከተማ የሚሆን ጥራት ያለው ምስል በብዛት የመጣው ግን በ1984 ከመጠቀው ላንድሳት 5 ጋር ነው። የዚህ ምስል አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። 900 ካሬ ማለት ነው። አንድ ላንድሳት በየ16 ቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል። በአዲስ አበባ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዓለም ለምስሉ ሲባል በቁራጭ ስትከፋፈል ለእኛ ከተማ የደረሳት መስመር 168፣ ረድፍ 54 ነው። ሥራው ላይ ላለ ሰው ይህን ቁጥር መጥራት አዲስ አበባን እንደ መጥራት ነው።

እስከ 2008 ድረስ አንድ የላንድሳት 7 ምስል 600 ዶላር ያወጣ ነበር። አንድ የማስተርስ ተማሪ የ20 ዓመት ለውጥ ለማየት ስንት ምስል መግዛት እንዳለበት አስቡት። በዚያ ዓመት መዝገቡ በሙሉ ለሁሉም በነፃ ተከፈተ። በእኔ እምነት የአዲስ አበባን መስፋፋት በማጥናት ረገድ ከዚህ የበለጠ ነገር አልተደረገም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲነል 2 መጣ። የሱ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ከ2017 ወዲህ ሁለት ሆነው ስለሚዞሩ በየ5 ቀኑ አንድ ምስል ይገኛል። የኮንዶሚኒየም ብሎኮችን ለይቶ ለማየት ይህ ይበቃል።

የ1986ን አካባቢ ምስል ስትከፍቱ ከተማዋ በእንጦጦ እግር ሥር ተሰብስባ ታገኟታላችሁ። የቦሌ ማኮብኮቢያ ጠርዝ ላይ ነው። ከሱ ወዲያ እርሻ ነው። ጀሞ እርሻ ነው። ሰሚት እርሻ ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሁሉም እርሻ ነው። ከዚያ ምስሎቹን በተከታታይ ስትገልጡ መጀመሪያ የሚረዝሙት መውጫ በሮቹ ናቸው። የአምቦ፣ የጅማ፣ የደብረ ዘይት፣ የደሴና የጎጃም መንገዶች እንደ እጅ ጣቶች ይዘረጋሉ። ቀጥሎ ቀለበት መንገዱ ይመጣል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቦታ ቀስ በቀስ ይሞላል።

ከ2005 ወዲህ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የኮንዶሚኒየም ሳይቶቹ ከከተማው ተነጥለው፣ እርሻ መሃል ላይ፣ አራት ማዕዘን ሆነው ይወጣሉ። ቀድሞ መሬቱ ይገፈፋል። ከዚያ ብሎኮቹ ይቆማሉ። መንገዱ ይደርሳል። በሳይቱና በከተማው መካከል የቀረው እርሻ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። ጨረቃ ቤቶችም በምስል ላይ የራሳቸው መልክ አላቸው። አንዱ ብቻውን ሲሠራ በ30 ሜትር ፒክስል አይታይም። ሰብሰብ ሲሉ ግን የአዲስ ቆርቆሮ ብልጭታ መስኩ ላይ ተበታትኖ ይታያል። መስመር የለውም፤ መንገድም የለውም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም የሚያስደንቀኝ እዚህ ጋ ነው። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ግን አጥብቆ ወደ ሰማይ ይመልሳል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ስታካፍሉ ኤንዲቪአይ የሚባለው ቁጥር ይወጣል። ወደ 1 የቀረበ ለምለም ነው። ወደ ዜሮ የቀረበ ደረቅ ነው። ለሕንፃና ለአስፋልት ደግሞ ኤንዲቢአይ የሚባል ሌላ ቀመር አለ። በ2003 ለቻይናዋ ናንጂንግ ከተማ ተሞክሮ የቀረበ ነው። ዙሪያው ሁሌ አረንጓዴ ለሆነ ከተማ ጥሩ ይሠራል።

አዲስ አበባ ላይ ግን የካቲትና መጋቢት ይመጣሉ። ከአቃቂ እስከ ቦሌ አራብሳ ያለው ጥቁር ዋልካ ይታጨዳል፣ ይጋጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀመሩ ይህን መሬት ከተማ ይለዋል። በሌላ በኩል በመርካቶና በልደታ ዙሪያ ለዘመናት የዛገው ቆርቆሮ ከላይ ሲታይ ቀለሙ ከቀይ አፈር ጋር ይመሳሰላል። ቀመሩ ይህን ደግሞ ባዶ መሬት ሊለው ይችላል። ማለትም በአንድ የበጋ ምስል ብቻ የሚሠራ ካርታ እርሻውን ከተማ፣ አሮጌውን ከተማ እርሻ አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። ዓለም አቀፍ ካርታዎችን አውርዳችሁ የአቃቂን ማሳ እንደ ከተማ ቀይ ተቀብቶ ብታገኙት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መፍትሔው አንድ ምስል አለማመን ነው። የዓመቱን ምስሎች ሁሉ ትደረድሩና ለእያንዳንዱ ፒክስል አንድ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። በዚህ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለምልመህ ታውቃለህ? እርሻ በመጋቢት ቢገረጣም በመስከረም መልሱ አዎ ነው። የአስፋልት መልስ ግን በየትኛውም ወር «በፍጹም» ነው። ለእኔ የዚህ ዘዴ ውበቱ ከገበሬው ካሌንደር ጋር መሄዱ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ደመና ስለሚሸፍናቸው ከሰማይ የሚገኝ ነገር እምብዛም የለም። መስከረምን መጠበቅ ግድ ነው።

መስከረም ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዱኝ ደግሞ አንድ አባት ናቸው። ከምስል የወጣ ካርታ መሬት ላይ ተወርዶ መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ሥራ በኮዬ በኩል ስዞር ከአጥር ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በታብሌቱ ላይ ያለውን የቆየ ምስል ማየት ፈለጉ። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ወንዙ ነው።

«ይኼ ወንዙ ነው ልጄ?»

«አዎ አባባ። ይኼው መታጠፊያው።»

«እንግዲያው ማሳችን እዚህ ጋ ነበር።» ጣታቸውን አሳረፉበት። ጥቁር ነው። «ምን ተዘርቶበት እንደነበር ይናገራል?»

«እሱን አይናገርም። ምስሉ የመስከረም ነው፤ ባዶ ይመስላል።»

«ባዶ አልነበረም። ሽምብራ ነው። ሽምብራ ዝናቡ ሲሸሽ ነው የሚዘራው። በኅዳር ብታየው ኖሮ!»

እውነታቸውን ነው። ዋልካ ክረምቱን ውሃ ይዞ ይከርማል። ሽምብራና ጓያ በዚያ በተጠራቀመ እርጥበት ነው የሚበቅሉት፤ የሚለመልሙት ደግሞ ሌላው ማሳ ሲገረጣ ነው። መስከረም ላይ ብቻ የቆመ ቆጠራ የእሳቸውን ማሳ እንደ ተዘጋ መሬት ሊመዘግበው ይችል ነበር። የኅዳርና የታኅሣሥ ምስሎች የግድ መግባት አለባቸው። አንድ የአካባቢው አዛውንት የሚያውቀውን የሰብል ወቅት የማያውቅ ቀመር ምንም ያህል ቢራቀቅ ይሳሳታል።

እሳቸው የነገሩኝ የካሳውንም ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ የእሳቸው ስለሆነ አልጽፈውም። ሕጉን ግን ማንም ማንበብ ይችላል። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ማሳው በቋሚነት ለተወሰደበት ገበሬ እንዲከፈል ያዘዘው ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። መሻሻል ነው። ግን ምስሎቹን በተከታታይ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ፒክስሉ ለ10 ዓመት ወይም ለ15 ዓመት አይደለም የተዘጋው። በቻይናው የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2018 ያለውን የዓለም ጠንካራ ወለል የሚያሳይ ካርታ አለ። ሲሠራ ከተያዙት መነሻዎች አንዱ አንዴ የተነጠፈ ቦታ ወደ አፈር አይመለስም የሚል ነው። የተጻፈው ለማሽን ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር እኒያ አባት ትዝ ይሉኛል።

መሬት እንዲህ ያለ ነገር ስለሆነ ነው ሰው የሞተበት። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ንቅናቄ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበታል። ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ተሰረዘ። በምስሎቹ ላይ ግን የከተማው ጠርዝ ከዚያም በኋላ አላቆመም። ዛሬ በዙሪያዋ ሸገር ከተማ የሚባል ሌላ አስተዳደር አለ። ከሰማይ ሲታይ በሁለቱ መካከል መስመር የለም። ጣሪያው ይቀጥላል። እያንዳንዱ አስተዳደር በየራሱ ወሰን ውስጥ ያለውን ብቻ ቢቆጥር እንኳ ወንዙ ሁለቱንም አቋርጦ ያልፋል።

ምስሉ የሚደክምበትም ቦታ አለ። በግንቦት 2003 የላንድሳት 7 አንድ ክፍል ተበላሸ። ከዚያ በኋላ የተነሱት ምስሎች ላይ ጥቁር ሰንበሮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህሉ የለም። ላንድሳት 5 በዚያ ጊዜ ገና በሥራ ላይ ነበር። ግን ምስሉን ወዲያው የሚቀበለው የመሬት ጣቢያ ስለሚያስፈልገው ለምሥራቅ አፍሪካ የተረፈው ጥቂት ነው። ላንድሳት 8 እስከመጠቀበት እስከ 2013 ድረስ የነበረው መዝገባችን በአብዛኛው የተቦጫጨቀ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታው የተፋፋመው በእነዚሁ ዓመታት መሆኑ ያስቆጫል። ከተማዋ በፍጥነት በተለወጠችበት ጊዜ ዓይናችን ደክሞ ነበር። አሁን ግን ላንድሳት 8 እና 9፣ በላያቸው ሴንቲነል አሉ። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያ የራሷን የመሬት መቃኛ ሳተላይት ከቻይና አስመጥቃ ከእንጦጦ ተቆጣጥራዋለች። ለወደፊቱ አላየንም ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል? ለእኔ ዋናው ውሃ ነው።

በ1 ካሬ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ የላንድሳት ፒክስል ላይ 18,000 ሊትር ይወርዳል። ፒክስሉ አስፋልት ከሆነ ያ ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦ ወይም ጎዳና ይፈልጋል። 100 እንዲህ ያሉ ፒክስሎች 9 ሄክታር ብቻ ናቸው። አንድ መለስተኛ የኮንዶሚኒየም ሳይት ያክላሉ። ከነሱ የሚመጣው ውሃ 1.8 ሚሊዮን ሊትር ነው።

ዋልካ ብዙ ውሃ ያስገባል ብዬ አላጋንንም። አንዴ ከጠጣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አያሰርግም። ነገር ግን የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ ይቀበላል። ከዚያም በኋላ ማሳው ላይ የተኛው ውሃ አይጣደፍም። ሣሩ፣ ጓሉ፣ ድንበሩ ይይዘዋል። ቀስ ብሎ ወንዝ ይገባል። አስፋልት ግን ዝናቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰድዳል።

አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ወደ 2,100 ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲይቀጡ፣ ቁርጡሜ ሁሉም ከላይ ወደ ታች ነው ሩጫቸው። የላይኛው ሰፈር ግቢውን ሲሚንቶ ባደረገ ቁጥር የታችኛው ሰፈር ወንዝ ዳር ያለው ቤት አደጋው ይጨምራል። በየክረምቱ ጎርፍ ሰው ወሰደ ሲባል ወሬው ስለ ዝናቡ ብዛት ነው የሚሆነው። ዝናቡ የወረደበት መሬት ባለፉት ዓመታት ምን እንደሆነም አብሮ መነገር አለበት። የላይኛው ተፋሰስ ምን ያህል እንደተዘጋ በካርታ ይታያል እኮ።

ከምድር ሥር ያለውም ውሃ እንዲሁ ነው። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው በደቡብ በኩል ካሉት የአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ምስሎቹ ላይ ከተማዋ በርትታ የሄደችባቸው አቅጣጫዎች ደቡብና ምሥራቅ ናቸው። የምንጠጣው ውሃ ጉድጓዶች ወዳሉበት አካባቢ እየነጠፍን ነው ማለት ነው።

ቤት አይሠራ አልልም። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ወዳጆች አሉኝ፤ ከስንት ዓመት ኪራይ በኋላ የራስን በር መክፈት ምን ማለት እንደሆነ በነሱ አይቻለሁ። ጥያቄዬ የት ይሁን፣ ከሱ ጋር ምን ያህል አፈር ይቅር የሚለው ነው። ብዙ ሳይቶች ላይ በብሎኮቹ መካከል የቀረው ቦታ ሰፊ ነው። ዛፍና ሣር ከተተከለበት ሴንቲነል ላይ ወዲያው ይታያል። መኪና ማቆሚያ ተብሎ ከተነጠፈም ይታያል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ለሚሄድ ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው። በነሱም ላይ የዛፍ መደቡ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ከንጣፉ የሚወርደው ውሃ ወደ ዛፉ ነው ወይስ ወደ ቱቦው የሚለውን ማየት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው የተባለው። ዳርቻው በግንብ ሲታጠርና በሣር ሲሸፈን የሚመጣው ውጤት በጣም የተለያየ ነው። በ10 ሜትር ፒክስል ሁለቱ ይለያሉ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባም ሸገርም በየዓመቱ ሪፖርት ሲያቀርቡ ከተሠራው መንገድና ቤት ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር። በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሄክታር ተዘግቷል፤ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ እርሻ ነበር፤ ይህን ያህሉ የወንዝ ዳር ነበር። ምስሉ በነፃ ነው። ሙያው ያላቸው ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ይመረቃሉ። ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በጉግል ኧርዝ ላይ ከ1984 ጀምሮ ያለው ለውጥ በተንቀሳቃሽ ምስል ይታያል። ሰፈራችሁን ፈልጉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሂዱና ለገዳዲን ክፈቱ። ከተማዋን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያጠጣ ግድብ ነው። ከለገጣፎ በኩል ጣሪያዎቹ ወደሱ አቅጣጫ እንዴት እንደሚጠጉ ዓመት በዓመት እዩት። በግድቡ ተፋሰስ ውስጥ ገና ብዙ የሚታረስ መሬት አለ። ቆጠራው ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል።